የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ጎረቤቴ ቸርቻቸው ጠሩኝ፣ ልሂድ?»

ሰላም ውድ አንባቢዎቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ። በዚህ ወር የደረሱኝን ደብዳቤዎች ሳነብ አምስቱ ዙሪያቸው አንድ ሆኖ አገኘኋቸው፣ አሜሪካ ውስጥ ሊበራል ስለሚባሉት ቸርቾች ነው፣ ስደተኛ ስለሚያስጠጉት፣ ስለ ቤት ኪራይ ከተማ ምክር ቤት ሄደው ስለሚከራከሩት፣ በራቸው ላይ የቀስተ ደመና ባንዲራ ስለሚሰቅሉት። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለነሱ ሰጥቻለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዲሲ ማውንት ፕሌዘንት ነው የምኖረው፣ ኦርቶዶክስ ነኝ። ታች ቤት ያሉት ጎረቤቴ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ፈረንጅ ናቸው፣ ስወልድ አጠገቤ ዘመድ የሚባል ስላልነበረኝ ከቸርቻቸው ሰዎች ጋር ተራ ገብተው ምግብ ሲያመላልሱልኝ ነበር። አሁን እሁድ ጠዋት አብረን እንሂድ ይሉኛል። በበሩ ሳልፍ አየዋለሁ፣ መስቀል የለውም፣ የቀስተ ደመና ባንዲራ አለው፣ ስለ ጥቁሮች መብት የሚል ጨርቅም ተሰቅሏል። ራሳቸው ሲነግሩኝ ከመሃላችን እግዚአብሔር የለም የሚሉም አሉ አሉኝ። ይሄ እውነት ቸርች ነው? ብሄድስ ምን ችግር አለው? እንቢ እንዳልል ደግሞ ውለታቸው አለብኝ።

መልስ፦ እህቴ በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እንደ ገለፃሽ ከሆነ ይሄ ዩኒቴሪያን ዩኒቨርሳሊስት የሚባሉት ቤት ነው። ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፣ እምነቱ ካንቺ እምነት ጋር አንድ አይደለም። ዩኒቴሪያኖቹ ከጥንቱም ከሌላው ክርስቲያን የተለዩት ሥላሴን አንቀበልም ብለው ነው፣ በ325 በኒቂያ 318ቱ ሊቃውንት አርዮስን ያወገዙበትን ነገር ታውቂው የለ፣ ክርክሩ እዚያ ድረስ ይሄዳል። ዩኒቨርሳሊስቶቹ ደግሞ እግዚአብሔር በመጨረሻ ማንንም ለዘላለም አይጥልም የሚሉ ነበሩ፣ ሁለቱ በ1961 ተዋሃዱ። ዛሬ አብረው የሚደግሙት ጸሎተ ሃይማኖት የላቸውም፣ ክርስቲያኑም አይሁዱም ቡዲስቱም ምንም አላምንም የሚለውም አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የሚያስተሳስራቸው እርስ በርስ እንዴት እንኑር ብለው የሚገቡት ቃል ኪዳን ነው። አሜሪካ ውስጥ ወደ 1,000 የሚጠጉ ጉባኤዎች አሏቸው።

እሁድ ምን እንደሚያጋጥምሽ ልንገርሽ እንዳትደናገጪ። ጽዋ በመሰለ ዕቃ ላይ እሳት ይለኩሳሉ፣ ይሄ ምልክታቸው በ1941 ከናዚ የሚሸሹ ሰዎችን ያመልጡ ዘንድ ይረዳ ለነበረው ኮሚቴያቸው የተሳለ ነው። መዝሙር አለ፣ ስብከት አለ፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ሰው ተራ በተራ እየወጣ ሻማ አብርቶ ልጄ ተመረቀ፣ እናቴ ታመመች፣ ስራዬን አጣሁ ብሎ ለጉባኤው የሚናገርበት ጊዜ አላቸው። ላንቺ ምግብ ያመላለሱት ሰዎችም ምናልባት መውለድሽን የሰሙት እዚያ ነው፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ይመዘግባል፣ ማን ሰኞ ማን ማክሰኞ እንደሚሄድ ተራው እዚያው ይያዛል። ቁርባን የሚባል ነገር አያቀርቡልሽም። ሲያልቅ ወደ አዳራሽ ወርደው ቡና ይጠጣሉ፣ ቡናው ቀጭን ነው ግን ወሬው ረጅም ነው፣ የቸርቹ ግማሽ ስራ የሚሰራው እዚያ ነው ብልሽ ማጋነን አይሆንብኝም።

እንግዲህ ልሂድ ወይ ላልሽው፣ በጸሎታቸው መካፈልን በተመለከተ ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ ያ የሳቸው ስልጣን ነው እንጂ የኔ አይደለም። ቡናው ላይ ተገኝቶ ስላበሉሽ ማመስገንና ምግብ በማመላለሱ አንቺም አንድ ቀን ተራ መያዝ ግን እምነትሽን የሚነካብሽ አይመስለኝም። ለሴትዮዋም በግልፅ ንገሪያቸው፣ «እኔ ቤተ ክርስቲያን አለኝ፣ ስራችሁን ግን ማገዝ እወዳለሁ» በያቸው፣ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ሲባሉ አይቀየሙም፣ ደስ ነው የሚላቸው።

ደግሞ ሰፈርሽ ስለሆነ ይሄን እወቂው። 16ኛው ስትሪትና ሃርቫርድ ስትሪት ጥግ ላይ ያለው ኦል ሶልስ ቸርች የነሱ ነው፣ የተቋቋመው በ1821 ነው። በ1946 የጦር መኮንኖች የአቶሚክ ቦምብ ፍንዳታ ቅርፅ ያለው ኬክ ሲቆርሱ የሚያሳይ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ የቸርቹ ሚኒስተር፣ ማለትም ሰባኪና መሪ፣ የነበሩት ፓወል ዴቪስ በጣም ተቆጥተው ሰበኩበት። ስብከቱ ዞሮ ዞሮ ጃፓን ደረሰና ከዚያ ደብዳቤ መጣ፣ እዚህ ያሉ ህፃናት የሚፅፉበት ነገር የላቸውም የሚል። የቸርቹ ልጆች እርሳስ፣ ክሬየን፣ ላጲስ፣ ሙጫ እየሰበሰቡ ግማሽ ቶን ያህል አደረሱትና በ1947 ሂሮሺማ ተላከ፣ ሆንካዋ የሚባለው ትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ በዚያው ክሬየን ስዕል ስለው መልሰው ላኩላቸው። ቦምቡ ከወደቀ ገና ጥቂት ዓመት የሆነው ከተማ ውስጥ ያሉ ልጆች እኮ ናቸው፣ የሳሉት አበባ፣ ዛፍ፣ የሚጫወቱ ልጆች ነው። ስዕሎቹ በቸርቹ ተቀምጠው ቆይተው በ2010 እዚያው ሂሮሺማ ተወስደው ለእይታ ቀርበዋል።

እኚሁ ዴቪስ በ1953 ዋሽንግተን ውስጥ ጥቁር ደንበኛ የማያስተናግድ ምግብ ቤት ገብቼ አልበላም፣ እናንተም አትብሉ ብለው ለጉባኤው አወጁ። ከሳቸው በኋላ እዚያ ያገለገለው ጄምስ ሪብ ደግሞ በማርች 1965 ማርቲን ሉተር ኪንግ ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ሰልፍ የሃይማኖት አባቶች አላባማ ሴልማ ድረሱልን ሲሉ ሄደ፣ ከምግብ ቤት ሲወጣ ነጮች በዱላ መቱትና ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ፣ የአራት ልጆች አባት ነበር። ለፍርድ የቀረቡት ሶስት ሰዎች በነፃ ተለቀቁ። ያ ቸርች በ1969 ዴቪድ ኢተንን፣ ጥቁር ሰውን፣ ዋና ሚኒስተር አድርጎ መረጠ። አንቺ ዛሬ 18ኛው ስትሪት ላይ እንጀራ ስትገዢ ማንም ከየት መጣሽ የማይልሽ ከተማ እንዲሁ በራሱ የሆነ አይደለም፣ በዚህ ሰፈር የተከፈለ ዋጋ አለ።

ጥያቄ፦ የማህበራችን ሰብሳቢ ነኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነን። ለስብሰባና ለለቅሶ የአንድ ቸርች አዳራሽ በጥሩ ዋጋ ይሰጡናል፣ ሰዎቹ ጨዋዎች ናቸው። መግቢያው ላይ ግን የቀስተ ደመና ባንዲራ አለ፣ አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች እዚህ አንገባም እያሉ ነው። ባንዲራውን በኛ ቀን ብቻ አውርዱልን ብንላቸው ነውር ይሆናል?

መልስ፦ ጋሼ፣ አዎ ይሆናል፣ አይጠይቁ። ለርስዎ ባንዲራ ነው፣ ለነሱ ግን ከተጣሉበት፣ ከተከራከሩበት፣ አባል ካጡበት ነገር በኋላ በጉባኤ ድምፅ የሰቀሉት ነው። ዩኒቴሪያን ዩኒቨርሳሊስቶቹ ለምሳሌ ተመሳሳይ ጾታ ያፈቀሩ ሰዎች እንዳይገለሉ በ1970 ነው በጠቅላላ ጉባኤ የወሰኑት፣ በ1984 ደግሞ ለጥንዶቹ የሚደረገውን ስነ ስርዓት ደገፉ፣ ያኔ አሜሪካ ውስጥ አንድም ስቴት ጋብቻቸውን አይቀበልም ነበር። ለአንድ ከሰዓት አውርዱልን ማለት እንግዳ ሆኖ ገብቶ የባለቤቱን ፎቶ ከግድግዳ አንሱልኝ እንደማለት ነው።

ለትልልቆቹ ሰዎች የሚሉት ነገር አለዎት። በዚህ አገር ያሉ ብዙ የኛ ቤተ ክርስቲያኖች፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም፣ የራሳቸውን ህንፃ ከመግዛታቸው በፊት ቅዳሴና ፕሮግራም ያደረጉት በፈረንጅ ቸርች ቤዝመንት ውስጥ ነው፣ ታቦት ይዘን ስንገባ እምነታችሁን ቀይሩ ያለን አልነበረም፣ እጣኑ ሸተተን፣ ከበሮው በዛብን ሳይሉ በትዕግስት ያስተናገዱን ሞልተዋል። እኛም አዳራሹን ስለተጠቀምን የነሱን ትምህርት ፈረምን ማለት አይደለም።

ሌላው ደግሞ፣ ይሄን ሲወያዩ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ እላለሁ፣ ለሰው ይሉኝታ ብዬ አይደለም። ከማህበራችሁ ልጆች መሃል ስለ ራሱ ለማንም ያልተናገረ፣ እናት አባቱ ቢያውቁ ምን ይሉኛል ብሎ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ሊኖር ይችላል፣ አዳራሽ ውስጥ የተባለውን ቃል በቃል ነው የሚይዘው። እኔ የማንንም አስተምህሮ ለመቀየር አልፃፍኩም፣ ልጅ እንዳይጠፋ ነው የምፅፈው።

ጥያቄ፦ ሹፌር ነኝ፣ የአሳይለም (የጥገኝነት) ኬዜ እስካሁን አላለቀም፣ በየቀኑ የምሰማው ነገር ያስፈራል። አንድ ጓደኛዬ ሊበራል ቸርቾች ውስጥ ከተገባ አይስ (የኢሚግሬሽን ፖሊስ) አይገባም፣ ህግ ነው አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይደለም፣ ይሄን በደንብ ስማኝ። ቸርች ውስጥ የገባ ሰው አይያዝም የሚል ህግ አሜሪካ ኖሯት አያውቅም። የነበረው መመሪያ ነው፣ በ2011 የወጣና በ2021 በአዲስ የተተካ፣ አይስ ቸርችና ትምህርት ቤት ሆስፒታል ውስጥ ካልተፈቀደ በቀር እንዳይዝ የሚል፣ እሱም በጃንዋሪ 2025 ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የሃይማኖት ድርጅቶች ፍርድ ቤት ሄደዋል፣ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ሜሪላንድ ላይ ከሰው ለከሳሾቹ ቤቶች ብቻ የሚያገለግል እገዳ በአይስ ላይ በፌብሩዋሪ 2025 ተሰጥቷል፣ ዩኒቴሪያን ዩኒቨርሳሊስቶቹ ያሉበት ሌላ ትልቅ ክስ ደግሞ ዲሲ ቀርቦ ዳኛዋ እገዳውን አልሰጠችም። እንግዲህ የጓደኛህን ወሬ ይዘህ ውሳኔ እንዳትወስን።

ግን ነገሩ ከምንም ተነስቶ የተወራ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቴማላ ጦርነት የሚሸሹ ሰዎች በአሪዞና በረሃ ሲገቡ መንግስት አሳይለም አብዛኞቹን ይከለክል ነበር። ቱሳን ከተማ ያለው ሳውዝሳይድ ፕሬስቢተሪያን ቸርች ከፓስተሩ ከጆን ፋይፍ ጋር ሆኖ ማርች 24 ቀን 1982 በግልፅ አወጀ፣ እናስጠጋቸዋለን፣ ሰማችሁ አልሰማችሁ ብሎ። ተደብቀው ማድረግ ይችሉ ነበር እኮ፣ እነሱ ግን ለመንግስት ደብዳቤ ፅፈው፣ ጋዜጠኛ ጠርተው ነው ያደረጉት። ከዚያ ሌሎች ቸርቾች፣ ምኩራቦችም ተከተሉ። መንግስት ሰላዮቹን መፅሀፍ ቅዱስ ጥናታቸው ውስጥ ድረስ አስገብቶ ንግግራቸውን ቀዳ፣ ከሰሳቸው፣ በ1986 ስምንት ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ፣ ፋይፍም አለበት፣ አንዳቸውም ግን እስር ቤት አልገቡም። ከዚያው ከተማ ቸርቾች የወጣው ኖ ሞር ዴዝስ የሚባለው ቡድን ደግሞ ዛሬ የቱሳን ዩኒቴሪያን ዩኒቨርሳሊስት ቸርች ክፍል ነው፣ በረሃ ውስጥ ሰው በውሃ ጥም እንዳይሞት ጋሎን ውሃ ያስቀምጣል። ስኮት ዋረን የሚባለው በጎ ፈቃደኛቸው ሁለት ስደተኞችን አብልቶ አሳደረ ተብሎ ተከሶ በኖቬምበር 2019 ጁሪው በነፃ ለቆታል።

እኛም ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደለንም። የ1980ው የስደተኞች ህግ ከወጣ በኋላ ሱዳን ካምፕ ከነበሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹን ስፖንሰር ሆኖ ኤርፖርት የተቀበለው፣ የክረምት ጃኬት ያለበሰው፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያስመዘገበው የሆነ ከተማ ያለ የሆነ ቸርች ነው። የሉተራኑ፣ የካቶሊኩ፣ የኤጲስኮፓሉ፣ ቸርች ወርልድ ሰርቪስ፣ እነዚህን ስሞች ያኔ የመጣ ሰው በሙሉ ያውቃቸዋል፣ አባትህን ወይ አጎትህን ጠይቅ።

አሁን አንተ ምን ታድርግ? ቸርች ሊያደርግልህ የሚችለውን ጠይቅ፣ የማይችለውን አትጠብቅ። የሚችሉት ይሄ ነው፦ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲኖርህ አብሮህ የሚሄድና አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ይሰጡሃል፣ የጠበቃ ገንዘብ የሚያዋጡ አሉ፣ ስለ ጠባይህና ስለ ኑሮህ ደብዳቤ ይፅፋሉ፣ እግዜር አያድርገውና ብትያዝ ለቤተሰብህ ኪራይና ምግብ የሚደርሱ አሉ፣ ለኮንግረስ ተወካይህ ቢሮ እየደጋገሙ የሚደውሉም እነሱ ናቸው። ጠበቃህ ግን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይሁን ወይም በፍትህ ሚኒስቴር የተፈቀደለት ተወካይ ይሁን፣ ኖተሪ ነኝ ፎርም እሞላልሃለሁ የሚልህን ሰው ራቀው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የፍርድ ቤት ቀጠሮህ እንዳያመልጥህ፣ ፈርተህ ከቀረህ ዳኛው በሌለህበት እንድትባረር ሊያዝ ይችላል፣ ያንን ማስነሳት በጣም ከባድ ነው። አድራሻ ከቀየርክም ቶሎ አሳውቃቸው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምፅፈው። እህቴ አሜሪካ ሆና እንደዚህ ባሉ ቸርቾች ስለሚሰራ ስራ ትነግረኛለች። ገንዘቡ ከየት ነው? መንግስት ነው የሚሰጣቸው? ለአንድ ፓርቲስ እየሰሩ አይደለም?

መልስ፦ ዋናው ገንዘብ ከአባሉ ኪስ ነው። ፕሌጅ ይሉታል፣ በዓመት አንዴ እያንዳንዱ ቤተሰብ በሚመጣው ዓመት ይሄን ያህል እሰጣለሁ ብሎ ፅፎ ይፈርማል፣ በዚያ ላይ ተመስርቶ ባጀት ይሰራና ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰጥበታል፣ የሚኒስተሩ ደሞዝ፣ የማሞቂያው፣ የጣሪያው ጥገና ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀርባል፣ አንዲት አሮጊት ተነስተው ይሄ ለምን በዛ ብለው ይጠይቃሉ መልስ ይሰጣቸዋል። ሚኒስተሩን ራሱ የሚቀጥረውም የሚያሰናብተውም ጉባኤው ነው፣ ከላይ የሚሾም ጳጳስ የለም። ሁሉም ሊበራል ቸርች እንዲህ አይደለም፣ ኤጲስኮፓል የሚባሉት ጳጳስ አላቸው፣ የዩኒቴሪያኖቹና የዩናይትድ ቸርች ኦፍ ክራይስት ስርዓት ግን ይሄ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ የእሁዱን ሙዳየ ምጽዋት በሙሉ ወይ በከፊል ለውጪ ድርጅት ይሰጣሉ፣ አንድ ወር ለምግብ ባንክ፣ አንድ ወር ለስደተኛ ጠበቆች፣ ማን እንደሚያገኝ የሚመርጥ ኮሚቴ አላቸው።

ፓርቲን በተመለከተ፣ ከ1954 ጀምሮ ያለው የታክስ ህግ ቸርች እከሌን ምረጡ እከሌን አትምረጡ እንዳይል ይከለክላል፣ ስለ ጉዳዩ መናገር ግን፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ስደተኛ፣ ስለ እስር ቤት፣ ይፈቀዳል፣ በተወሰነ መጠን ስለ ህግም መወትወት ይቻላል። ሃቁን ለመናገር እነዚህ ጉባኤዎች ውስጥ ያለው ሰው በአብዛኛው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ወንበሩ ላይ ያለ የሌላ ወገን ሰው ብቸኝነት ሊሰማው ይችላል፣ ይሄ ድክመታቸው ነው፣ እነሱም ያውቁታል።

ጥያቄ፦ እዚሁ ተወልጄ ነው ያደግኩት፣ ኮሌጅ ነኝ፣ አማርኛዬ ደህና ነው አይደል? ከጓደኛዬ ጋር የሷ ቸርች ሄጄ ተከራዮችን ሲያደራጁ አየሁ፣ በጣም ነው የነካኝ። ከዚያ የኛ ቤተ ክርስቲያን ስመለስ ለምንድነው እኛ እንዲህ የማናደርገው ብዬ ተናደድኩ። ትልልቆቹን ስጠይቅ ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ የምንመጣው ለጸሎት ነው ይሉኛል። ልተወው?

መልስ፦ አማርኛሽ በጣም ጥሩ ነው፣ እንዳትተዪውም። ግን ከንዴቱ በፊት ሁለት ነገር እንድታውቂ እፈልጋለሁ።

አንደኛ የፈረንጅ ነገር አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1972 ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ደብዳቤ ፅፋ ነበር፣ ወንጌል ለመስበክ ገንዘብ አትሰጡም፣ ለልማት ብቻ ትሰጣላችሁ፣ ሰውን ለሁለት ቆርጣችሁ ነፍሱን ካካሉ ለያችሁት ብላ፣ ሁለንተናዊ አገልግሎት የሚባለው አስተሳሰብ በዓለም ቸርቾች ዘንድ ትልቅ ክርክር አስነሳ። ያኔ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው፣ ደርግ ሲመጣ ሽሹ ሲባሉ ህዝቤን ጥዬ አልሄድም ብለው በጁላይ 1979 ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችንም የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽኗን ያቋቋመችው በዚያው በ1972 ነው፣ እስከ ዛሬ ከሌላ አገር ተሰደው ኢትዮጵያ የገቡ ሰዎችን ትረዳለች። ሰንበቴው፣ ጽዋ ማህበሩ፣ እድሩስ? ሰው ሲሞት ድንኳን ይዞ በሰዓታት ውስጥ የሚደርስ፣ መዝገብ ያለው፣ ያልመጣውን የሚቀጣ፣ ድሃውንም ሀብታሙንም እኩል የሚቀብር ድርጅት ያለው ህዝብ መደራጀት አያውቅም ልትዪኝ አትችዪም። እዚህ የጎደለን እድራችን ለሞተው የሚደርሰውን ያህል ከቤቱ ሊባረር ላለው አለመድረሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ያየሽው ስራ በአንድ ቀን ስሜት የመጣ አይደለም። እዚሁ ዲሲ፣ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ውስጥ ብዙ የሰራ ቸርች ኦፍ ዘ ሴቪየር የሚባል ጉባኤ ነበር፣ በ1947 በጎርደን ኮዝቢና በባለቤታቸው የተጀመረ፣ ከየትኛውም ዲኖሚኔሽን ያልሆነ። በጣም ትንሽ ነበር፣ ሆን ብለው ነው ትንሽ ያደረጉት፣ አባል ለመሆን ትማሪያለሽ፣ በየቀኑ ትጸልያለሽ፣ ከገቢሽ ቢያንስ አስራት ትሰጫለሽ፣ አንድ የስራ ቡድን ውስጥ ትገቢያለሽ፣ በየዓመቱ ደግሞ እቀጥላለሁ ብለሽ ቃልሽን ታድሻለሽ። ከዚያች ትንሽ ጉባኤ በ1973 ጁብሊ ሃውሲንግ ወጣ፣ ሪትዝና ሞዛርት የሚባሉ የፈራረሱ ሁለት አፓርታማዎችን ገዝተው፣ ተከራዩን ሳያባርሩ ራሳቸው ቆሻሻ እየጠረጉ ቀለም እየቀቡ አደሷቸው። በ1985 ክራይስት ሃውስ መጣ፣ ጎዳና ላይ ያለ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ የሚያገግምበት ቦታ። እነዚህ ሁለቱ እስከ ዛሬ አሉ፣ በኮሎምቢያ ሮድ ስትሄጂ ክራይስት ሃውስን ታዪዋለሽ። ኪራይ የናረበት ሰፈር ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው፣ የኛም ሰው ጭምር፣ እስካሁን መኖር የቻለው እንደነዚህ ባሉ ሰዎች ነው። እነዚህን ሰዎች ከሌላው የለያቸው ደግነታቸው አይመስለኝም፣ ደግ ሰው የትም አለ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው መገኘታቸው ነው፣ ዝናብም ሆነ ፈተናም ሆነ፣ ቃል ስለገቡ።

ደግሞ አታጋኚያቸው። ዩኒቴሪያን ዩኒቨርሳሊስቶቹ በ1968 ጥቁሮች ራሳቸው የሚመሩት ስራ ላይ አንድ ሚሊዮን ዶላር እናውላለን ብለው ድምፅ ሰጥተው ነበር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ገንዘብ አጠረን ብለው ቀነሱት፣ ብዙ ጥቁር አባላት አዝነው ወጡ፣ ቁስሉ እስካሁን ይነሳል። አብዛኛው ጉባኤያቸው ዛሬም ነጭ ነው። በሰልፍ ቀን ሞልተው የሚመጡ፣ ሰኞ ግን የማይገኙ አባላት እዚያም አሉ።

አንቺ እንዴት ትጀምሪ? ቄሱ ፊት ቆመሽ ለምን ፍትህ አንሰብክም ብለሽ አትጀምሪ፣ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ሻይ ላይ ከእናቶች ጋር ተቀምጠሽ ጀምሪ። ኪራይ ስንት ጨመሩባችሁ ብለሽ ጠይቂ፣ ማሞቂያው ይሰራል ወይ፣ በእንግሊዝኛ የመጣ ደብዳቤ ቤት ውስጥ ያልተከፈተ አለ ወይ። አንድ ህንፃ ውስጥ አምስት ስድስት የኛ ቤተሰብ ታገኚያለሽ፣ እመኚኝ፣ እያንዳንዱ ችግሩ የሱ ብቻ ይመስለዋል። ዲሲ ውስጥ ከሆኑ ከ1980 ጀምሮ ባለቤቱ ህንፃውን ሲሸጥ ለተከራዮቹ ቀድሞ የመግዛት እድል የሚሰጥ ህግ አለ፣ በየጊዜው ስለሚሻሻል የነሱ ህንፃ ዛሬ ይካተት እንደሆነ ከነፃ የህግ አገልግሎት ሰጪ መጠየቅ አለባችሁ፣ መብቱን ለመጠቀም ደግሞ የተከራዮች ማህበር ማቋቋም ያስፈልጋል፣ የቀን ገደብም አለው፣ ካለፈ አለፈ። ማህበር ማቋቋም ማለት ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ መዝገብ፣ ይሄን እናቶቻችን ተኝተው ይሰሩታል።

ከጓደኛሽ ቸርች የሚያስፈልግሽ ልምዱና ምናልባት ጠበቃው ነው፣ እንዲያስተምሩሽ ጠይቂያቸው፣ አዳራሽ ከሰጧችሁ ውሰጂ። አስተርጓሚ ግን አንቺ ሁኚ፣ የኛ እናቶች ፊት ለፊት ተናግረው የማያውቁትን ነገር እንግዳ ሰው ፊት እንዲናገሩ አትጠብቂ፣ መጀመሪያ በአማርኛ ለብቻቸው ይነጋገሩበት፣ በትግርኛም በኦሮምኛም የሚቀላቸው ካሉ እንዲሁ። ለቄሱም ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ከሰው እንዳይሰሙት፣ ባርኩልኝ በያቸው፣ አብዛኞቹ እንቢ አይሉሽም። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አራት ሰው ብቻ ከመጣ አራቱን ስም ፅፈሽ የሚቀጥለውን ቀን እዚያው ቁረጡ፣ ከፆም ቀንና ከእሁድ ስራ ገቢዎች ሺፍት ጋር እንዳይጋጭ ብቻ አስቡበት። የህንፃው አድራሻና የባለቤቱ ስም ከታወቀ በኋላ ፃፊልኝ፣ በዲሲና በሜሪላንድ አማርኛ አስተርጓሚ ያላቸውን ነፃ የህግ ቢሮዎች ጠይቄ በግል እልክልሻለሁ።